የጠጅቱ ስልክ

ቦጂያ ሁለት ስልክ አለው። በስድሳ ሦስት ዓመቱ ሁለት ስልክ ይዞ የሚዞር ሰው ደላላ መሆን ነበረበት፤ እሱ ግን ሱሉልታ ላይ ሦስት ላም የሚያልብ፣ ክረምቱ ሲወጣ ሣር አጭዶ ድርቆሽ የሚሸጥ ገበሬ ነው። የራሱ ስልክ ባትሪው ካለቀ ሁለት ሦስት ቀን ኪሱ ውስጥ ጠፍቶ ይሰነብታል፤ ግድም አይሰጠው። የሚስቱን የጠጅቱን ስልክ ግን አንድም ቀን ባትሪ አስጨርሶት አያውቅም። መስመሩ እንዳይዘጋ በየወሩ ካርድ ይሞላበታል፤ በነጭ መሐረብ ጠቅልሎ ከራስጌው ያኖረዋል። ጠጅቱ ከሞተች ዓመት ከሦስት ወር ሆኗታል።

ሰው ይህን ቢሰማ ለየለት ይለው ነበር። ማንም ግን አልሰማም። ልጅ አልወለዱም። ለቅሶ ያመጣው ዘመድ አርባዋ ሲወጣ ወደየቤቱ ተበተነ። ጎረቤቱ ኦቦ ዲሪባ መንገድ ላይ ሲያገኘው «አካም ጅርታ ቦጂያ? አይዞህ፣ ቻለው» ብሎት ያልፋል። ቻለው ማለት እኮ ለአፍ ቀላል ነው። ማታ ገብቶ ከላሞቹ ጋር የሚያወራው ቦጂያ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ፋሲካ በዋለ በአምስተኛው ቀን፣ ጠጅቱን ኮሮና ሲጥላት ነው። በፊት ጉንፋን ነው ብለው ነጭ ሽንኩርቱም፣ ዝንጅብሉም፣ ዳማከሴውም ተሞክሮላት ነበር። ትንፋሿ ሲያጥር አዲስ አበባ ሆስፒታል ገባች። ሃያ ሦስት ቀን ተኛች፤ ዘጠኙን ቀን የሚተነፍስላት መሣሪያ ነበር። ቦጂያን አላስገቡትም። ጠዋት ላሞቹን አልቦ በሚኒባስ አዲሱ ገበያ ይወርዳል፤ ከዚያ ሌላ ታክሲ ይይዝና ቀኑን ሙሉ ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ቆሞ ይውላል። እዚያ መሣሪያ ያለበት ክፍል የገባ አይወጣም ሲባል እየሰማ ይመለስ ነበር። ጠጅቱ ግን ግንቦት ሃያ ሁለት ቀን በእግሯ ወጣች።

ሲወጡ በሩ ላይ አንዲት ወጣት ጠበቀቻቸው። ማስክ ስላጠለቀች ከዓይኗ በቀር የሚታይ ነገር አልነበራትም። ስሟ ሐኒ ነው።

«ጥናት ነው» አለቻቸው። «ኮሮና ጠንቶባቸው የተረፉ ሰዎች ቤታቸው ከገቡ በኋላ ምን እንደሚገጥማቸው ገና በደንብ አይታወቅም። ሳንባቸው፣ ልባቸው፣ ደማቸው እንዴት እንደሚሆን ለሁለት ዓመት በየሦስት ወሩ እየደወልኩ እጠይቃለሁ። ፈቃደኛ ከሆኑ እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።»

ጠጅቱ መጻፍ አትችልም፤ ጣቷን ቀለም ነከረች። «ጣቴን የነከርኩት ለመሬት ደብተር ብቻ ነበር፤ አሁን ደግሞ ለትንፋሼ» አለች። ልጅቱ ከማስኩ ሥር ሳቀች። የልብስ መቆንጠጫ የምታህል መሣሪያም አዋሰቻቸው፤ ጣት ላይ ስትገባ ደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በቁጥር የምታሳይ።

ነሐሴ ሃያ ሁለት ሐኒ ደወለች። ጠጅቱ ስልኩን ይዛ አጥሩ ጥግ፣ ኔትወርክ ከሚገኝበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጣቷ ላይ ያደረገቻት መሣሪያ ያሳየችው ቁጥር ሰማንያ ስድስት ነበር። ጥያቄዎቹ ሩብ ሰዓት አይፈጁም፤ ሁለቱ ግን ከሰዓት በላይ አወሩ። ሐኒ ቡራዩ ቤት ተከራይታ ብቻዋን እንደምትኖር ነገረቻት። እናቷ ደሴ ላይ በዚያው በሽታ እንደሞተችባት፣ መርዶውንም ሥራ ቦታ ቆማ በስልክ እንደሰማች ነገረቻት። ጠጅቱ ስልኩን ዘግታ ገና ቤት ሳትገባ ቁጣዋን ቦጂያ ላይ ጀመረች።

«አንተ ቦጂያ! የእናት ሞት በስልክ ይነገራል? ሰው የለም ወይ? ሽማግሌ የለም ወይ? ይቺ ልጅ ስትወድቅ ማን ነበር የሚይዛት?»

እሱ ምን አጠፋ? ግን እውነቷን ነው። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሁለት ሦስት ሆኖ፣ ካሉበት ድረስ ሄዶ፣ ሐዘንተኛውን አስቀምጦ። ይህን የማያውቅ ሰው በዚያ አገር የለም፤ በስልክ የሚያረዳ ሰው ግን ከየት እንደመጣ እንጃ።

ኅዳር በገባ በስምንተኛው ቀን የጠጅቱ ግራ እግር አበጠ። ባቷ ጠጠረ፤ ሲነኩት ይሞቃል። ቦጂያ አባቱ የሚያደርገውን አደረገ፤ ቅቤ አቅልጦ አሻት። እጁ የታወቀ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ወለምታና የተያዘ ወገብ ሁሉ እሱ ጋ ነው የሚመጣው። ጠዋት ያሻታል፤ ከምሳ በኋላ ይደግማል። «እጅህ ይባረክ፣ ቀለል አለኝ» ትለው ነበር።

በአምስተኛው ቀን ኅዳር አሥራ ሁለት ሆነ። በዚያን ቀን ሰው ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ ደጁ ላይ ያጨሳል። የዛሬ መቶ ዓመት የኅዳር በሽታ ሰው ሲፈጅ የመጣ ልማድ ነው፤ ጭሱ ወረርሽኝ ያስወጣል ይባላል። ጠጅቱ ከእሽቱ ተነሥታ ሁለት እርምጃ እንደሄደች ደረቷን ያዘች፤ ትንፋሽ አጣች። ቦጂያ የጎረቤት ጭስ አፍኗት ነው ብሎ በሩንና መስኮቱን ሊዘጋ ሮጠ። ዘግቶ ሲዞር ወድቃለች። ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን መሣሪያ የተነፈሰላት ሴት ቤቷ ውስጥ እፍኝ አየር አጥታ ሞተች።

በተቀበረች በአሥረኛው ቀን ስልኳ ጮኸ።

ቦጂያ ስልኩን ይዞ ወደ ድንጋዩ ሄደ። «እማማ ጠጅቱ?» አለች ሐኒ።

«ቦጂያ ነኝ።»

«እንዴት ነዎት አባባ? እማማስ እንዴት ናቸው?»

አፉን ከፈተ። «ስትወድቅ ማን ነበር የሚይዛት?» የሚለው የጠጅቱ ቁጣ ጆሮው ውስጥ ነው። በዚህ ሳምንት ከኦቦ ዲሪባ ጋር ሆነን ሄደን እናረዳታለን ብሎ በልቡ ወሰነ። ለጊዜው ግን «ደህና ናት። ገበያ ወጥታ ነው» አላት።

«እንግዲያው መልእክት ያድርሱልኝ» አለች ልጅቱ በደስታ። «በዚህ ዙር ለሁሉም የምንነግረው ስለ እግር ነው። ይህ በሽታ ደም ያረጋል፤ የረጋው ደም እግር ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። አንድ እግራቸው ብቻ ካበጠና ከሞቀ እንዳይታሽ። ከታሸ የረጋው ደም ተነሥቶ ሳንባ ሊዘጋ ይችላል። ቶሎ ወደ ሐኪም ነው መሄድ። እንዲህ ያለ እብጠት አጋጥሟቸው ያውቃል?»

ቦጂያ እጆቹን አያቸው። የቅቤው ሽታ ገና አልለቀቃቸውም ነበር፤ ወይም እንደዚያ መሰለው።

«የለም» አለ። «አላጋጠማትም።»

ከዚያ ወዲያ ኦቦ ዲሪባን ይዞ መሄድ የሚባል ነገር ቀረ። ልሂድ ቢል ልጅቱ በምን ሞቱ ማለቷ አይቀርም። በለቅሶው ላይ ይህን የጠየቀው አልነበረም፤ ሁሉም ያ ኮሮና ተመልሶባት ነው ብሎ ደምድሟል። ሰው ያልጠየቀውን ማን ይመልሳል?

የካቲት ሃያ ሁለት እንደገና ተደወለ። «ደረጃ ሲወጡ ይደክማቸዋል?» «አይደክማትም።» «እንቅልፍስ?» «ትተኛለች።» «ያቺን መሣሪያ ጣታቸው ላይ አድርገው ቁጥሩን ቢያነቡልኝ?» ቦጂያ ፊደል ባይለይም ቁጥር ያውቃል። መሣሪያዋን በራሱ ጣት አስገባ። «ዘጠና ሦስት» አላት።

«ዘጠና ሦስት!» ሐኒ ጮኸች። «ከሰማንያ ስድስት! በሱሉልታ ከፍታ ላይ! እማማ እኮ አንደኛችን ናቸው!»

ቦጂያ ደስ አለው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ደስ አለው። ባዶ ቤቱን ረስቶ፣ ጠጅቱ አንደኛ ስለወጣች እንደ ልጅ ደስ አለው።

ውሸት ሲለመድ ሥራ ይሆናል፤ ቦጂያም ይህን ሥራውን በወጉ ያዘው። የጥሪው ቀን ሲቃረብ ሳምንቱን ሙሉ ጠጅቱ ምን እንደሠራች ያሰናዳል። ከጓሮ ነጭ ሽንኩርት ተከለች ብሎ ለመናገር ራሱ ነጭ ሽንኩርት ተከለ፤ ጭራሽ ባዶ ውሸት እንዳይሆን። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት በእግሯ ወጣች ለማለት ራሱ ዳገቱን ወጣ፤ የት ላይ እንደምታርፍም ቦታውን አስተውሎ ተመለሰ። የኦቦ ዲሪባ ፍየል ጎመኗን በልታባት ሦስት ቀን እንደተኮራረፉም አወራ። ሐኒ ስትስቅ እሱም አብሮ ይስቃል። «ለምን ሁሌ እርስዎ ያነሡታል? እማማ ተቀየሙኝ እንዴ?» ስትለው «ጆሮዋ ደከም ብሏል፤ ስልክ አይሰማትም» አላት። አንዷን ውሸት ለመደገፍ ሌላዋን ማቆም ነው እንግዲህ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ያለውን ሁሉ ሐኒ ጻፈችው።

በሦስት ወር አንዴ ለአንድ ሰዓት ጠጅቱ በሕይወት አለች። ቦጂያ የሚኖረው ለዚያች ሰዓት ነበር። የቀረውን ጊዜ ማለዳ ላይ ለልምምድ በሜዳው የሚያልፉትን ሯጮች ያያል። ትንፋሻቸው በብርዱ ላይ እንደ እንፋሎት ይወጣል፤ ሳይሰስቱ ይተነፍሱታል። አንዳንዴ በእነሱ ይናደድ ነበር፤ ምን እንዳደረጉት እንጃ።

በ2015 ዓ.ም. የካቲት ሃያ ሁለት፣ ለስድስተኛ ጊዜ በጠጅቱ ቦታ ሆኖ ከመለሰ በኋላ ሐኒ እንዲህ አለችው።

«አባባ፣ ከዚህ በኋላ የሚቀረን አንድ ጥሪ ብቻ ነው። ግንቦት ሃያ ሁለት እንጨርሳለን። ዶክተሮቹ ለጤና ጣቢያዎች የሚበተነውን የምክር ወረቀት እያዘጋጁ ነው።»

«መልካም ነው።»

«የእግሩ ነገር ግን ከወረቀቱ ሊወጣ ነው። ከመቶ ሰማንያ ሰው ውስጥ ቤቱ ከገባ ከሦስት ወር በኋላ እግሩ ያበጠ አንድም አላገኘንም። ወረቀቱ ሲበዛ ሰው አያነበውም፤ ያልታየ ነገር ለምን እንጽፋለን አሉ። ለእማማም ይንገሯቸው፤ ከእንግዲህ ስለ እግር አይሥጉ።»

ቦጂያ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ድንጋዩ ላይ ቀረ። ለካ ዝም ያለው ለራሱ ብቻ አልነበረም። ነገ መናገሻ ላይ ወይ ገፈርሳ አንዲት ሴት ባቷ ይጠጥራል፤ ባሏ ቅቤ ያቀልጣል፤ ተው የሚለው ወረቀት አይኖርም። ይህ እንዳይሆን ጠጅቱ መሞት አለባት። በስልኩ ውስጥ ያለችው ጠጅቱ። ቀብሯት አልቅሶ የተመለሰ ሰው ሁለተኛ ሊገድላት ነው፤ አሁንም በራሱ እጅ። ቦጂያ በቀብሯ ቀን እንኳ ያላለቀሰውን ያህል እዚያው አለቀሰ።

አንድ ሳምንት ሙሉ አመነታ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ለቦጂያ ግን እያደር ይከብደው ጀመር። ወደ ኦቦ ዲሪባ ቤት ሁለት ጊዜ ሄዶ ከበሩ ተመለሰ። አብረን እናርዳ ቢለው፣ ዲሪባ ራሱ አፈር ያለበሳትን ሴት ዛሬ ለማን ነው የምናረዳው ማለቱ አይቀርም። መጋቢት ሲገባ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ላሞቹን አለበ፤ ጋቢውን ለበሰ፤ መሣሪያዋንና የጠጅቱን ስልክ ኪሱ ከተተ፤ ለመርዶ ብቻውን ወጣ።

አንድ ሰዓት ላይ ሆስፒታሉ በር ደረሰ። በእሱ ዕድሜ ያለ ጥበቃ አስቆመው። ስሙ ወንዳፍራሽ እንደሆነ ደረቱ ላይ ተጽፏል፤ ቦጂያ አላነበበውም እንጂ።

«ወዴት ነው ወንድሜ? ተመላላሽ ገና አልተከፈተም።»

«ሐኒ የምትባል ልጅ ጋ ነው። ጥናት ክፍል።»

«ቀጠሮ አለህ?»

«የለኝም። መርዶ ይዤ ነው።»

ወንዳፍራሽ ኮፍያውን አወለቀ። ግራ ቀኝ አየ። «ከማን ጋር ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«መርዶ ብቻህን? ኧረ ተው፤ ነውር ነው» አለ። በሩን ለባልደረባው ሰጠ፤ የካፖርቱን ቁልፎች እስከ አንገቱ ቆለፈና ከቦጂያ ጎን ሆኖ ይራመድ ጀመር። የሟችን ስም እንኳ አልጠየቀም። ቦጂያ ከጠጅቱ ቀብር ወዲህ ከሰው ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ሐኒ የቡራዩን የታክሲ ግፊያ ለመሸሽ ማልዳ ነው የምትገባው። ቦጂያ ፊቷን አላወቀውም፤ ማስክ የለባትም። «አቤት፣ ምን ነበር?» ስትል በድምጿ አወቃት። ጋቢውን፣ የተገለጠውን የጥበቃ ራስ፣ የሁለቱን አቋቋም ስታይ ፊቷ ተለወጠ። እንዲህ ያለ አመጣጥ ምን እንደሆነ ማን ይስታል?

«ተቀመጪ ልጄ» አለ ወንዳፍራሽ። ተቀመጠች።

«ቦጂያ ነኝ» አለ ቦጂያ። «ጠጅቱ አርፋለች።»

«እማማ!» ብላ ራሷን ጠረጴዛው ላይ ጣለች። ወንዳፍራሽ ትከሻዋን ያዛት። ሳታፍር፣ ሥራ ቦታ ነው ሳትል አለቀሰች። ለማን ለማን እንዳለቀሰች እሷ ታውቃለች። ቦጂያ አሁን ያዟት አለ በልቡ፤ ለጠጅቱ ነበር የሚነግራት።

ልጅቱ ዓይኗን ጠርጋ ቀና አለች። «መቼ ነው? በምን?»

«ኅዳር ሚካኤል ዕለት።»

«ኅዳር? እኔ የካቲት ላይ…»

«የአምናው ኅዳር ነው ልጄ።»

ወንዳፍራሽ እጁን ከልጅቱ ትከሻ አንሥቶ ወደ ቦጂያ ዞረ።

«ከማን ጋር ነው ታዲያ እኔ ሳወራ የነበረው?» አለች ሐኒ። «ሽንኩርት የተከሉትስ? ዘጠና ሦስቱስ የማን ነው?»

ቦጂያ መሣሪያዋን ከኪሱ አውጥቶ በጣቱ አስገባ። መሣሪያዋ ትንሽ ቆይታ ዘጠና ሦስት አሳየች። ሦስቱም ቁጥሩን አዩት።

«ለምን?» ሐኒ ቆጣ ብላለች፤ ቁጣው ግን ሊያለቅስ እንደሚል ሰው ነበር። «እሳቸውን አይተን እኮ ነው ሰው እንዲህ ይድናል ያልነው።»

«መርዶ በስልክ አይነገርም ብዬ ነበር» አለ። ወዲያው ግን ራሱን ነቀነቀ። «እሱ ሰበብ ነው። ዱጋ… እውነቱን ልንገርሽ። እግሯ አብጦ ነበር። እኔ ነኝ በቅቤ ያሸሁት። ደረቷን ይዛ የወደቀች ከእጄ እንደተነሣች ነው። አንቺ እንዳይታሽ ስትዪኝ ከተቀበረች አሥር ቀኗ ነበር።»



«ሌላም አለ» ሲል ቀጠለ። «ጠጅቱ እንዴት ናት ብሎ የሚጠይቀኝ ካንቺ ሌላ ሰው አልነበረም። ሞታለች ካልኩሽ ማን ይጠይቀኛል?»

ሐኒ ከመሳቢያ አዲስ ወረቀት አወጣች። ስለ ሞት የሚጠየቅበት ነው። እግሯ መቼ አበጠ? የቱ እግር? ሞቆ ነበር? ስንት ጊዜ ታሸ? ማን አሸው? ቦጂያ አንድ በአንድ መለሰ። ይህን ሁሉ ጊዜ ፈርቶት የኖረውን ጥያቄ አሁን ሰው ሲጠይቀው መልሱ ከአፉ እየተቀዳ ወጣ። «ባላሻት ትተርፍ ነበር?» አለ ሲጨርሱ።

ልጅቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አይደለም፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም ልትለው ትችል ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይለው ነበር።

«አላውቅም አባባ» አለች። «ባይታሽም ሊሆን ይችላል። ታሽቶም ላይሆን ይችላል። ስለማናውቅ ነው የምንጠይቀው።»

ቦጂያ ይህን መልስ አከበረው። የጠጅቱን መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ ተወ። ሐኒ የወረቀቱ ግርጌ ላይ ፈረመችና በዚያ በስልክ በሚያውቀው የሥራ ድምጿ «ፋይሉ ተዘግቷል። ከእንግዲህ በዚህ ቁጥር አንደውልም» አለችው። ወንዳፍራሽ እስከ በሩ ሸኘው፤ «እግዜር ያጽናህ» አለውና ኮፍያውን አጥልቆ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ግንቦት ሲገባ ቦጂያ ለወገቡ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሳለ ግድግዳው ላይ አዲስ ወረቀት አየ። የእግር ሥዕል አለበት። ነርሷን እንድታነብለት ለመናት። «ኮሮና ጠንቶበት የዳነ ሰው» አለች እያነበበች፣ «ወራት ካለፉ በኋላም ቢሆን አንድ እግሩ ብቻ ካበጠና ከሞቀ አትሹት። በቅቤም ቢሆን አትሹት። ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት።»

«ቅቤ ይላል?» አለ ቦጂያ።

«በቅቤም ቢሆን ይላል።»

«ስምስ? የሰው ስም አለበት?»

«የምን ስም? ምክር እኮ ነው አባባ» ብላ ሳቀች። ቦጂያ ወረቀቱን እንደገና አየው። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ ጠጅቱ የትኛዋ ቃል ላይ እንዳለች እሱ ብቻ ያውቃል። ሁለተኛ ጊዜ እንድታነብለት ለመናት፤ አነበበችለት።

ግንቦት ሃያ ሁለት ከማለዳው ስልኩን ከመሐረቡ ፈትቶ አጥሩ ጥግ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። እንደማይደወል ያውቃል፤ ሞኝ አይደለም። ሯጮቹ አለፉ፤ ጠል ረገፈ፤ ላሞቹ ለመሰማራት ጮኹበት። ባትሪው ሙሉ ነው፤ ኔትወርኩም አለ። ከልማድ የተነሣ ሳምንቱን ሙሉ ጠጅቱ የሠራችውን ሲያሰናዳ ሰንብቶ ነበር፤ ነጭ ሽንኩርቱን ነቅላለች፣ ከዲሪባ ፍየል ጋር ታርቃለች፣ ዳገቱን አንዴም ሳታርፍ ወጥታለች። ፀሐይ እስክትጠልቅ ተቀመጠ። የጠየቀው ሰው የለም።